ስብርባሪው ሮዝ ሆነ

የድልድዩን የምርመራ ቅጽ የሞላሁት በሃምሳ ደቂቃ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው ሥራ የጀመርኩበትንና የጨረስኩበትን በቅጹ ራስጌ ላይ መጻፍ ግዴታ ስለነበረ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ጀመርኩ፤ ልክ አሥር ሰዓት ላይ ጨረስኩ። መጨረሻው ላይ «አጠቃላይ ሁኔታ» የሚል ሳጥን አለ፤ «ደካማ» ብዬ ጻፍኩበት። ከሥሩ «የውሳኔ ሐሳብ» ይላል፤ «ይፍረስ፣ በአዲስ ይተካ» ብዬ ፈረምኩ። ከሰማንያ ዓመት በላይ ሰው፣ ከብትና መኪና ያሻገረ የኮንክሪት ቅስት ድልድይ ዕጣው በእነዚያ ሁለት ሳጥኖች ተቆረጠ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ያቺ ገጽ ግን ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋችም።

ድልድዩ ብዙ መኪና የማያዘወትረው የገጠር ጠጠር መንገድ ላይ ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ወንዙ ላይ የተሳለ ቅንድብ ይመስላል። ከእግር እስከ እግር 22 ሜትር ይዘረጋል፤ ወርዱ አንድ መኪና ብቻ ያሳልፋል። አሠራሩ በዚያ ዘመን የተለመደው ዓይነት ነው፦ ከታች ወፍራም የአርማታ ቅስት፣ በቅስቱ ሁለት ጠርዝ ላይ የቆሙ የጎን ግድግዳዎች፣ በግድግዳዎቹ መካከል የአፈርና የጠጠር ሙሌት፣ ከሙሌቱ በላይ መንገዱ።

እኔ ያየሁት ከላይ ያለውን ነው። የእጅ መደገፊያው ሦስት ቦታ ተሰብሮ የዛገ ፌሮ ወጥቶበታል። አንደኛው የጎን ግድግዳ ወደ ውጭ አብጧል፤ ስንጥቁ ውስጥ ቁጥቋጦ በቅሏል። ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ነጭ የኖራ እድፍ ወርዷል። መንገዱ መሐል ደግሞ ዝናብ ካቆመ ሁለት ቀን ሆኖት እንኳ ውሃ ተኝቷል። ዳገቱ ወደ ወንዙ ለመውረድ ያንሸራትት ነበርና መደገፊያው ላይ ተንጠልጥዬ ወደ ታች ሁለት ፎቶ አነሳሁ። ፎቶዎቹ ላይ የሚታየው ጥላ ነው። ሳያቸው «ከታችም ጨለም ያለ ነው» ብዬ ተቀበልኩት።

ቅጹ ላይ የጻፍኩት አንድም ውሸት አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። እያንዳንዱ መስመር እውነት ሆኖ የመጨረሻው ቃል ስህተት ሊሆን እንደሚችል ያኔ አላውቅም ነበር።

ጠመኔው

የማፍረሱ ሥራ የተጀመረው ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው። አዲሱ እዚያው ቦታ ላይ ስለሚሠራ አሮጌው መነሳት ነበረበት፤ እኔም ለቁጥጥር ተመደብኩ። የአፍራሾቹ ፎርማን ስልሳን የተሻገሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ወደ እኔ መጡና ከደረት ኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው ሰጡኝ።

«ኢንጂነር ልጄ፣ ደካማ ነው ብለሻል አሉ።»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው ደካማ ቦታውን በዚህ ምልክት አድርጊልኝ። ሰዎቼን የት እንደማላቆም ልወቅ።»

አነጋገራቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረበትም። የሚያፈርስ ሰው ከማንም በላይ ይህን ማወቅ አለበት፤ የተሳሳተ ቦታ ላይ የቆመ ሠራተኛ ከኮንክሪቱ ጋር ይወርዳል። እኔ ጠመኔውን ይዤ ወደ እጅ መደገፊያው ሄድኩና የተሰበረውን ከበብኩት። ከዚያ ያበጠውን ግድግዳ። ዝም ብለው አዩኝ።

«እነሱማ ይታያሉ» አሉ። «የሚሸከመውን ነው የምልሽ።»

መልስ አልነበረኝም። ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዲህ ነው ብዬ ለመግለጽ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ማፈር ብቻ አልነበረም። አንድን ነገር «ደካማ» ብዬ በፊርማዬ ካጸደቅኩ በኋላ ድክመቱ የት እንዳለ አንዲት የጠመኔ ምልክት ማኖር አልቻልኩም። የት እንደሆነ ካላወቅኩ ታዲያ ምን ነበር የፈረምኩት?

አብረን ወደ ወንዙ ወረድን። ዳገቱ እንዳሰብኩት አልነበረም፤ እሳቸው ከእኔ በሠላሳ ዓመት እየበለጡ ቀድመውኝ ደረሱ። ቅስቱ ሥር ስንገባ ቀዝቃዛ ነው። ከመሠራቱ ቀን ጀምሮ የካሳፎርማው፣ ማለትም ኮንክሪቱ ሲፈስ የያዘው ጣውላ የተወው ምልክት እንዳለ ይታያል፤ የእንጨቱ ጉጥ ሳይቀር ኮንክሪቱ ላይ ታትሟል። ጋሼ በመዶሻ መምታት ጀመሩ። ጤነኛ ኮንክሪት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከውስጥ የተላቀቀ ከሆነ ደግሞ እንደ ባዶ ሣጥን ያስተጋባል። ከአንዱ እግር ተነስተው እጃቸው እስከደረሰበት፣ ከዚያ በመሰላል እስከ አናቱ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እግር መቱ። ሁሉም ጠራ። የባዶ ሣጥኑ ድምፅ ከአንዱ ጠርዝ ሥር፣ ከላይ ውሃ በሚያንጠባጥብበት መስመር ላይ ብቻ ተገኘ፤ ወርዱ ከክንድ አይበልጥም። ጠመኔውን ከእጄ ወስደው እዚያ ላይ አንዲት መስመር ጎተቱ።

«በቃ» አሉ። «ይኸው ነው።»

ግድግዳው ምን ነበር የሚሠራው?

ትምህርት ቤት የተማርኩትን መልሼ የተማርኩት እዚያ ሥር ቆሜ ነው። በእንዲህ ዓይነት ድልድይ ላይ የጎን ግድግዳው ዋና ሥራ ሙሌቱ እንዳይፈስ መያዝ ነው። መኪናውን የሚሸከመው ቅስቱ ነው። ግድግዳው የሚያብጠው ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው አፈር ውሃ ጠግቦ ስለሚገፋው ነው፤ አፈሩ ውሃ የሚጠግበው ደግሞ መውጫው ስለተደፈነ ነው። መንገዱ ላይ የተኛው ውሃ፣ ግድግዳው ላይ የወረደው ነጭ እድፍ፣ እብጠቱ፣ ቁጥቋጦው፤ በቅጹ ላይ የየብቻ ጉድለት ብዬ የቆጠርኳቸው አራቱም፣ ያኔ ያላየሁት የጠርዙ መላቀቅም የአንድ ጉድለት አምስት ፊት ነበሩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ያን ድልድይ ሲያሳስቅ የቆየው በጭቃ የተደፈኑ አራት የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች ነበሩ። አንዱን ጋሼ በብረት ሲወጉት ቡናማ ውሃ መውረድ ጀመረ፤ በማግስቱ ጠዋት ስንመለስም ገና ይወርድ ነበር።

ቅስት የሚቆመው ተጨምቆ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1675 ይህን በላቲን የፊደል እንቆቅልሽ ደብቆ አስቀምጦት ነበር። ሲፈታ፣ ተንጠልጥሎ የሚታጠፍ ነገር የሚይዘውን ቅርፅ ገልብጦ ያቆመ ሰው የማይታጠፈውን ነገር ያቆማል የሚል ነው። ሰንሰለት ሁለት ጫፉን ይዘህ ብታንጠለጥለው በመሳሳብ ብቻ ይረጋል፤ ያን ቅርፅ ገልብጠህ በኮንክሪት ብትሠራው በመገፋፋት ብቻ ይረጋል። ኮንክሪት ደግሞ ሲጎትቱት የሚሰነጠቅ፣ ሲጫኑት የሚታገሥ ነገር ነው። በላዩ ያለው ሙሌት በልኩና በሚዛኑ እስከሆነ ድረስ ቅስቱን በቦታው ያጸናዋል።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ሙሌቱ ሲነሳ ነው። ጋሼ ከአንድ በኩል ብቻ እንዲዛቅ በፍጹም አልፈቀዱም። ከግራ አንድ ሜትር ከተነሳ ከቀኝ አንድ ሜትር፤ ኤክስካቫተሩ ተመላልሶ በሁለቱም ወገን እኩል እያራገፈ ወደ አናቱ ተጠጋ። አንዱ ጎን ቀድሞ ከቀለለ ግፊቱ የሚያልፍበት መስመር ከቅስቱ ውፍረት ይወጣና ጤነኛው ቅስት በራሱ ሸክም ይታጠፋል። እኔ «ደካማ» ያልኩትን ነገር ለማፍረስ ያን ያህል ጥንቃቄ ያስፈለገው ሚዛኑ እስከተጠበቀ ድረስ እምቢ ስለሚል ነበር።

ስንጥቅን ያነበበ ሰው

ያን ሰሞን ማታ ማታ እየተመላለሰ ሐሳቤ ውስጥ የሚገባው የስዊሱ መሐንዲስ ሮበርት ማያር ነበር። ማያር እ.ኤ.አ. በ1901 ዙኦትስ ላይ፣ በኢን ወንዝ ላይ የኮንክሪት ቅስት ድልድይ ሠራ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ በጎን ግድግዳዎቹ ላይ፣ ወደ ዳር መሠረቱ በሚጠጋው ቦታ ስንጥቅ ወጣ። ሄዶ አየው። ስንጥቁ የት እንደወጣና ለምን እዚያ እንደወጣ ጠየቀ፤ የደረሰበት መልስ ግድግዳው በዚያ ቦታ ለመሸከም አያስፈልግም የሚል ነበር።

በ1905 በራይን ወንዝ ላይ ታቫናሳ ዘንድ በሠራው ድልድይ የተሰነጠቀውን የግድግዳ ክፍል ጭራሹን ቆርጦ አወጣው። ከዚያ ወዲያ ቅስቱ ዳርና ዳር እንዲሁም አናቱ ላይ ቀጭን፣ በዳሩና በአናቱ መካከል ደግሞ የወፈረ አዲስ መልክ ያዘ። ታቫናሳ በ1927 በናዳ ተወሰደ፤ መልኩ ግን አልጠፋም። በ1930 የተጠናቀቀውና 90 ሜትር ገደል የሚሻገረው ሳልጊናቶበል የዚያ ስንጥቅ የልጅ ልጅ ነው። የሚያገናኘውም ሺርስን ከሹደርስ፣ አንዲት ትንሽ የተራራ መንደር ጋር ነው፤ የገጠር መንገድ ድልድይ ነው ማለት ነው። የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር በ1991 ዓለም አቀፍ ታሪካዊ የምህንድስና ቅርስ ብሎ መዝግቦታል።

ማያርም እኔም ያየነው የጎን ግድግዳ ስንጥቅ ነው። እሱ ስንጥቁን ጥያቄ አድርጎ ተቀበለው። እኔ ፍርድ አደረግኩት። ይህን ሳስብ እንቅልፍ የነሳኝ የእሱ ሊቅነት አልነበረም፤ «የት?» ብሎ ለመጠየቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ጋሼ ጠይቀውታል።

ግን ደግሞ ከላይ የሚታየው ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የፈረንሳዩ መሐንዲስ ኤዠን ፍሬሲኔ በአሊዬ ወንዝ ላይ ለ ቨርድር የተባለውን ባለ ሦስት ቅስት ድልድይ ሲሠራ አዲስና ቆንጆ ነበር፤ አንድም ነገር አልጎደለውም። ወራት ሲቆጠሩ ግን የቅስቶቹ አናት ቀስ በቀስ መስመጥ ጀመረ። ኮንክሪት ሸክም እንደተጫነበት ሲቆይ ለዓመታት ዝግ እያለ መልኩን እንደሚለውጥ ያኔ በቅጡ አይታወቅም ነበር። ፍሬሲኔ ማንንም ሳያስፈቅድ ጥቂት ታማኝ ሠራተኞች ይዞ በአናቱ ክፍተት ላይ ክሪኮች አስገባና ቅስቶቹን ወደ ቦታቸው መልሶ አነሳቸው። ድልድዩ በጦርነት እስከፈረሰበት እስከ እ.ኤ.አ. 1944 ድረስ አገለገለ።

ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ቅስት ሲታመም መልኩ ይለወጣል፤ መልኩ ሲለወጥ በላዩ ያለው የእጅ መደገፊያ መስመሩን ይስታል። እኔ ያን መደገፊያ ሦስት ቦታ ተሰብሯል ብዬ መዝግቤዋለሁ። ጫፉ ላይ ተንበርክኬ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ እስከ ወዲያኛው ዳር ብመለከትበት ኖሮ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ቀጥ እንዳለ አየው ነበር። ምስክሩ እጄ ሥር ነበር፤ ቃሉን አልተቀበልኩትም።

ሮዝ

በሦስተኛው ቀን ሙሌቱ አልቆ መስበሪያው አናቱ ላይ ተሰካ። ለአንድ ቀን የታሰበው ሥራ አራት ቀን ፈጀ። የመጀመሪያው ትልቅ ስብርባሪ እንደወደቀ ወርጄ ከፊቱ ቆምኩ። የተሰበረው ፊት ጠጠሩ መሐል ለመሐል ተገምሷል እንጂ ከሲሚንቶው አልተላቀቀም። ውስጡ ያለው ለስላሳ ክብ ፌሮ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ሰማያዊ ጥቁር ቅርፊት እንደያዘ ነበር።

ቦርሳዬ ውስጥ ፌኖልፍታሊን የያዘች መርጫ ጠርሙስ ነበረች። ያን ቀን ብቻ አልነበረም የያዝኳት፤ ቅጹን የሞላሁ ዕለትም እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነበረች። አሠራሩ ቀላል ነው። ጤነኛ ኮንክሪት የኖራነት ባሕርይ አለው፤ ፒኤች መጠኑ ከ12 በላይ ነው፤ በዚያ ውስጥ የተቀበረ ብረት በራሱ ላይ ቀጭን መከላከያ ያበጅና አይዝግም። ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከላይኛው ቆዳ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ያን ባሕርይ ይገድለዋል። መጠኑ ከ9 በታች ሲወርድ ብረቱ ጥበቃውን ያጣል፤ ውሃና አየር ካገኘ ይዝጋል፤ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ኮንክሪቱን ከውስጥ ፈንቅሎ ይጥለዋል። ፌኖልፍታሊን አዲስ በተሰበረ ፊት ላይ ሲረጭ ጤነኛውን ክፍል ሮዝ ያደርገዋል፤ ጥበቃውን ያጣው ክፍል እንደነበረ ይቀራል።

ረጨሁ። ጠርዙ ላይ 12 ሚሊሜትር የምታህል ግራጫ ክር ቀረች። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ደማቅ ሮዝ ሆነ። የመጀመሪያው ፌሮ የሚገኘው 50 ሚሊሜትር ውስጥ ነው።

ይህ ለውጥ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በየዓመቱ እኩል እየተራመደ አይደለም፤ እየቆየ ይዘገያል። ጥልቀቱ እጥፍ እንዲሆን ጊዜው አራት እጥፍ መሆን አለበት። በሰማንያ ዓመት 12 ሚሊሜትር የሄደ ነገር 24 ለመድረስ እስከ ሦስት መቶ ሃያኛው ዓመት ይቆያል፤ ፌሮው ደግሞ ከዚያም ወዲያ ነው። ሒሳቡ ግምት መሆኑን አውቃለሁ፤ ርጥበቱና የኮንክሪቱ ጥራት ይለውጡታል፤ ሮዝ መሆኑም በራሱ ጥንካሬን አይለካም። እዚያ ቆሜ ግን ቀለሙ እየደመቀ ሲሄድ ያየሁት ይበቃኝ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ምርመራውን የሠራሁት የሚመረመረው ተሰብሮ ከወደቀ በኋላ ነው።

ጋሼ አጠገቤ ቆመው ቀለሙን አዩ። ትርጉሙን ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ «ጥሩ ሰዎች ነበሩ የሠሩት» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ስለ ስፋቱ

ለራሴም ሆነ ለዚያ መንገድ ተጠቃሚዎች ፍትሐዊ መሆን ስላለብኝ ይህንም እጽፋለሁ። ድልድዩ ጠባብ ነበር። የጭነት መኪና ሲገባ ከወዲያ ያለው ይቆማል። ሰውና ከብት በእግር የሚሄዱበት የተለየ ቦታ አልነበረውም፤ ማታ ላይ ከመኪና ጋር እዚያ ላይ የተገናኘ እግረኛ መደገፊያው ላይ መለጠፍ ነበረበት። የአካባቢው ሰው ሰፊ ድልድይ ይገባው ነበር፤ አሁን አለው፤ በዚህ ደስ ይለኛል።

ግን «ጠባብ ነው» እና «ደካማ ነው» የተለያዩ ቃላት ናቸው። ጠባብ ነው ብዬ ብጽፍ ኖሮ የሚቀጥለው ጥያቄ «ታዲያ ምን እናድርግ?» ይሆን ነበር። አዲሱን ሠላሳ ሜትር ወደ ላይ ሠርቶ አሮጌውን ለእግረኛና ለከብት መተው ይቻላል፤ ሳይቱ ይፈቅድ ነበር፤ በኋላ ለክቼዋለሁ። የተደፈኑትን ቀዳዳዎች መክፈት፣ ያበጠውን ግድግዳ ፈትቶ መልሶ መገንባት፣ መንገዱ ላይ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ማድረግ፣ የተላቀቀውን ጠርዝ መጠገን በቂ ነበር። «ደካማ» የሚለው ቃል ግን ሌላውን በር ሁሉ ዘጋው። ደካማ ነው በተባለ ድልድይ ላይ ማንም ኃላፊ እግረኛ አሳልፉበት ብሎ አይፈርምም፤ እኔም ብሆን አልፈርምም።

የማፍረሱ ሥራ እንዳለቀ የመዶሻውን ውጤት፣ የቀለሙን ፎቶና ልኬቱን አያይዤ የመጀመሪያው ግምገማዬ ስህተት እንደነበር ጽፌ ሰጠሁ። ተቀብለው ከፋይሉ ጋር አያያዙት። ምንም መልስ አልመጣም፤ መልስም የሚያሻው ነገር አልነበረውም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቅጽ ስሞላ «አጠቃላይ ሁኔታ» የሚለውን ሳጥን መጨረሻ ላይ ነው የምነካው። አስቀድሜ በባዶ ወረቀት ላይ ድልድዩን እሥላለሁ፤ ድክመት የምለውን ሁሉ በሥዕሉ ላይ በቦታው አሰፍራለሁ። ምልክት ላደርግበት ያልቻልኩትን አልጽፈውም። ሥራው ከሃምሳ ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ፤ ሾፌሮች አይወዱልኝም።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ለሌላ ሥራ በዚያ መንገድ አለፍኩ። ከአሮጌው የቀረው በወዲያኛው ዳር ከዓለቱ ጋር ተጣብቆ የበቀለው የቅስቱ እግር ብቻ ነው፤ ነቅለን ብናወጣው ዳሩን ያናጋዋል ተብሎ የተተወ። የካሳፎርማው ጣውላ ምልክት አሁንም ላዩ ላይ አለ። በአዲሱ ድልድይ መንገድ ጠርዝ ላይ ደግሞ ውሃ ተኝቶ ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ መውረጃ ቱቦው አፍ ላይ ጭቃና ቅጠል ሞልቶታል። መኪናውን አስቁሜ ከዳር አንድ እንጨት አነሳሁና ውሃው ከታች ወንዙ ላይ ሲወድቅ እስክሰማ ድረስ ቆፈርኩት። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ቱቦ ሄድኩ።